የዊልያም ልጅ ያልነበረው ዊልያምሰን

በየትኛው ዓመት እንደነበረ በትክክል አላስታውስም። ልጄ ጀርመንታውን ቤት ገዝታ ከመውጣቷ በፊት ይሁን በኋላ፣ እሱም ይምታታብኛል። ብርድ እንደነበረ ግን አውቃለሁ፤ ትንሿ ማሞቂያ እግሬ ሥር ነበረች። ያን ጊዜ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ወንዙ አጠገብ ባለው አሮጌ ሰፈር፣ የአንድ ፓርኪንግ ጋራዥ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። መኪና በማይመጣበት ሰዓት መቀበያዋ ክፍል፣ ቡዝ ውስጥ ተቀምጬ ዳዊቴን እደግማለሁ። አንድ ቀን ከዘራ የያዙ ነጭ አሮጊት መስታወቱን አንኳኩ።

ቲኬት የሚሰጡኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው የሚያዩት ግን መጽሐፉን ነው። ጣቴን በመስመሩ ሥር እያስኬድኩ ሳነብ ብዙ ቀን አይተውኝ ኖሯል። ምን ቋንቋ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ግዕዝ ነው አልኳቸው። ይገባሃል ወይ አሉኝ። እውነቱን ተናገርኩ፤ እየኔታ ዘንድ ዳዊት ከደገምኩ በኋላ ትምህርቴ እዚያው ስለቀረ ግማሹ ይገባኛል፣ ግማሹን ፊደሉን እያየሁ ነው የምለው። እንግሊዝኛስ? ሲሉኝ፣ የመንገድ ምልክትና የቤት ኪራይ ወረቀት አነባለሁ፣ ከዚያ በላይ ይከብደኛል አልኩ።

«እንግዲያው ለአንተ የሚሆን ሥራ አለኝ» አሉ።

የቀለዱብኝ ነበር የመሰለኝ። ሚስ ኤልስፔት ይባላሉ። ስኮትላንድ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው ባል ተከትለው አሜሪካ የመጡ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከጋራዡ በላይ ሁለት ክፍል ተከራይተው የሰው የዘር ሐረግ ይፈልጉ ነበር። ቅድመ አያቶቻቸው ከስኮትላንድ የመጡ አሜሪካውያን «ከማን ነው የተወለድኩት?» እያሉ ይመጣሉ፤ እሳቸው ደግሞ በዚያ አገር የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ውስጥ ክርስትና፣ ጋብቻና ቀብር እየፈለጉ መልስ ይሰጣሉ። መዝገቦቹ ፎቶ ተነሥተው በፊልም ጥቅል ላይ ናቸው። ፊልሙን መብራት ባለው ማሽን ላይ ጠምጥሞ፣ መያዣውን በእጅ እያዞሩ፣ ገጽ በገጽ ማየት ነው ሥራው። የእሳቸው ዓይን እየደከመ ነበር።

ለምን እኔን እንደመረጡ ቆይተው ነገሩኝ። ጥሩ አንባቢ ቃሉን ከግማሽ ላይ ገምቶ ያልፈዋል፤ አንተ መገመት ስለማትችል ሁሉንም ፊደል ታያለህ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ፣ እንግሊዝኛ ባለማወቄ ስንቱን እንዳበላሸሁና ስንቱን በትዕግሥት እንዳረሙልኝ ነው። ክፍያው ከጋራዡ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ሙቀቱ ይሻል ነበር።

እንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር የለውም። እኔ ግን በልቤ ሁልጊዜ አንቱ ነበር የምላቸው፤ እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ።

አሁን ሪታየር ካደረግኩ በኋላ የማኅበራችን ሰዎች የሥራ ዘመንህን ጻፍ ሲሉኝ፣ ጋራዥ ውስጥ ስለቆምኩበት ዘመን የምጽፍ መስሏቸው ነበር። ያ ብዙ ወሬ የለውም። ልጽፍ የምፈልገው ስለዚያ ጨለማ ክፍል ነው።

መጋረጃው ሁልጊዜ የተዘጋ ነው፤ ማሽኑ እንዲታይ። የማሽኑ ብርሃንና የእኔ ጣት ብቻ። አሮጌው ጽሕፈት አንዱ ፊደል ከሌላው አይለይም፤ በእኛ ብራና ላይ ጸ ከጰ እንደሚያደናግረው፣ የእነሱም ረጅሙ ኤስ ልክ ኤፍ ይመስላል። የአጥቢያው ጸሐፊ ቀለም ሲያልቅበት ውሃ ይጨምርበታል፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ የተጻፉት ሕፃናት መጀመሪያ ላይ ከተጻፉት ይደበዝዛሉ። ብርድ የበረታ ጊዜ እጁ ይንቀጠቀጣል። ወር በወር እያየሁት ሲያረጅ አውቀዋለሁ፤ ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ጽሕፈቱ በድንገት ይለወጣል። ሌላ ሰው ተተክቷል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ እንዲህ ሲሆን ሳይ ተነሥቼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ሚስ ኤልስፔት ውሃ አመጡልኝ።

ልማዳቸው ብዙ ነበር። በእርሳስ እንጂ በእስክሪፕቶ አያስጽፉም። ያልጠራ ፊደል ሥር ነጥብ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። ከሁሉ በላይ «አገኘሁ» የሚለውን ቃል አይወዱም። አንድ ስም አይቼ አገኘሁ ካልኩ፣ «የት አየኸው?» ይላሉ፤ «ያየኸውን ንገረኝ፣ ማግኘቱን ለመጨረሻ እንተወው።» ስለዚህ ቢሮው ውስጥ «አየሁ» ነበር የምንለው።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የአንድ ሕፃን ክርስትና ከታየ በኋላ፣ የደንበኛው ቅድመ አያት ይሄ ነው ከመባሉ በፊት፣ ሕፃኑ እንዳልሞተ ማየት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ብዙ ሕፃን ይሞታል። ስለዚህ ቀብሩን እንፈልጋለን። የቀብር መዝገብ የሌለው አጥቢያ ደግሞ የግምጃ ኪራይ መዝገብ አለው፤ ሬሳ ሳጥን ላይ የሚጣለው ጥቁር ግምጃ የቤተ ክርስቲያኑ ነው፣ ሐዘንተኛው እየተከራየ ይመልሳል። ለአዋቂ ትልቁ፣ ለሕፃን ትንሹ ግምጃ አለ። «ትንሹ ግምጃ» የሚል መስመር ሲያጋጥመኝ ጣቴ ለራሱ ይቆማል።

ጋራዡ ውስጥ መኪናቸውን የሚያቆሙት የእኛ ታክሲ ነጂዎች ሥራዬን ሲሰሙ መቀለጃ አደረጉኝ። «ጋሽ አስናቀ፣ የፈረንጅ ሰባት ቤት ቆጣሪ ሆኑ አሉ» ይላል አንዱ። ሌላው ይቀጥላል፤ «ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለጋብቻ ነው። ልጅቷን አሳዩና!» እኔም እስቃለሁ። ከሳቁ በኋላ ግን እነሱ ወደ መኪናቸው፣ እኔ ወደ መጋረጃው እንመለሳለን። በዚያን ጊዜ ልጄ ወጥታለች፤ ስደውልላት በእንግሊዝኛ «መልሼ እደውላለሁ» ትለኛለች። አትዋሽም፣ ትደውላለች፤ ቀኑ ነው የሚርቀው። ስለዚህ ብዙውን ቀን የምውለው ከሞቱ ሰዎች ጋር ነበር። ቅር ብሎኝ አይደለም። ሞተው እንኳ ስማቸውን የሚፈልግላቸው ሰው አላቸው እያልኩ አስብ ነበር እንጂ።

ከስኮትላንድ በስተሰሜን፣ ባሕር ውስጥ ያሉ ደሴቶች አሉ፣ ሼትላንድ ይባላሉ። የእነሱን መዝገብ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ደስ አለኝ። ምክንያቱም እዚያ በድሮ ጊዜ ሰው በአባቱ ስም ነበር የሚጠራው። ማግነስ የሚባል ሰው ልጅ ቢወልድ፣ ወንዱ የማግነስ ልጅ፣ ሴቷም የማግነስ ልጅ ተብለው ይጻፋሉ። ሴቶቹ ባል ካገቡም በኋላ የአባታቸውን ስም አይለቁም። ይሄ የእኛ ነው። እዚህ አገር ሐኪም ቤት «ሚስተር ጫኔ» ብለው ሲጠሩ፣ አባቴ ከኋላዬ የገባ እየመሰለኝ ዞር ብዬ አውቃለሁ። በደሴቶቹ መዝገብ ላይ ግን ሁሉም በቦታው ነበር። ሚስ ኤልስፔት በሌሎቹ አጥቢያዎች የሚያርሙኝን ያህል እዚያ አላረሙኝም። እኔም ልቤ ሞላ።

ሚስተር ዊልያምሰን የመጡት በዚህ መካከል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በአናጺነት የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። ሳንባቸው ታሞ የኦክስጅን ጋሪ እየጎተቱ ነበር ደረጃውን የወጡት። ልጅ የላቸውም። ሚስታቸው ሞተው፣ በፈረንጅ ልማድ ሬሳቸው ተቃጥሎ፣ አመዳቸው ቤት ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ ነው። የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ ቅድመ አያታቸው ጄምስ ዊልያምሰን ከሼትላንድ እንደመጣ ያውቃሉ፣ የጄምስ እናት ባርባራ መባሏንም ሰምተዋል። ከየትኛው አጥቢያ እንደሆነ ግን አያውቁም። እዚያ አጥቢያ ግቢ ውስጥ፣ ከወገኖቻቸው አጠገብ፣ የራሳቸውም የሚስታቸውም አመድ እንዲያርፍ ነው የሚፈልጉት። «እዚህ ብንቀመጥ ማንም አይጠይቀንም» አሉ። ሐኪማቸው ክረምቱን ይዘልቃሉ ብሎ አልነገራቸውም።

ሚስ ኤልስፔት በዚያው ሰሞን ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ገቡ። ሥራው በእኔ እጅ ቀረ።

ነገሩ ቀላል መሰለኝ። ጄምስ ዊልያምሰን ማለት የዊልያም ልጅ ጄምስ ማለት ነው። እንግዲህ ዊልያም የሚባል አባት፣ ባርባራ የምትባል እናት፣ ጄምስ የሚባል ልጅ መፈለግ ነው። አንድ አጥቢያ ላይ አየሁት፤ ዊልያም፣ ባርባራ፣ ጄምስ። ሦስቱም በአንድ መስመር። ዘመኑም ልክ ነው። ከዚያ የዊልያምን አባት ዮሐንስን፣ የዮሐንስን አባት ማግነስን እየተከተልኩ ወጣሁ፤ እንደ ራሴ ዘር ነበር የቆጠርኩት። ለሚስ ኤልስፔት ሆስፒታል ደወልኩና «አገኘሁ» አልኳቸው። መድኃኒት ላይ ስለነበሩ ይሆናል፣ ቃሉን አላረሙኝም። እርግጠኛ ከሆንክ ስጣቸው አሉኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩ።

ሚስተር ዊልያምሰን ወረቀቱን ሲያነቡ እጃቸው አፋቸው ላይ ነበር። ለዚያ አጥቢያ ቄስ ጻፉ፤ ቄሱም ቦታ አለ አሏቸው። ቤታቸው ስሄድ እያንዳንዱን ስም በቃላቸው ይዘውት አገኘኋቸው። ጠዋት ጠዋት፣ ጄምስ፣ ዊልያም፣ ዮሐንስ፣ ማግነስ እያሉ ይጠሯቸዋል። በቤቱ ድምፅ የሚሰማው ያን ጊዜና የኦክስጅን ማሽኑ ሲተነፍስ ብቻ ነው አሉኝ።

ሚስ ኤልስፔት በከዘራ ላይ ሌላ ከዘራ ጨምረው ተመለሱ። ሥራዬን ቁጭ ብለው ከዳር እስከ ዳር አነበቡት።

«አባቱ ዊልያም መሆኑን የት አየኸው?» አሉኝ።

«ስሙ ነው እኮ» አልኩ። «ስሙ ውስጥ አለ።»

መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «አስናቀ፣ ይሄኛው ስም አባቱ አይደለም» አሉ።

አስረዱኝ። የደሴቶቹ ሰዎች በአንድ ዘመን ላይ እንደ ሌላው ፈረንጅ የቤተሰብ ስም መያዝ ጀመሩ። አንዱ ቤት ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ። ዊልያምሰን ከተባለ ሰው ልጁም የልጅ ልጁም ዊልያምሰን ሆነው ይቀራሉ፤ ዊልያም የሚባለው ሰው ከሞተ ስንት ትውልድ አልፎ ይሆናል። ይሄን ነግረውኝ ያውቃሉ። እኔ ግን ደሴቶቹን የእኛ አድርጌ ስለወሰድኳቸው ሌላ ነገር አልታየኝም። ስሙ አባቱን ስለነገረኝ፣ ሕፃኑ አለመሞቱን እንኳ አላየሁም።

ፊልሙን እሳቸው ራሳቸው ጠመጠሙ፤ የግምጃውን ኪራይ መዝገብ። እሳቸው እያዞሩ እኔ ሳነብ፣ ከሰዓት በኋላ ሳይጋመስ ጣቴ ቆመ። «ለዊልያም ልጅ ለጄምስ፣ ትንሹ ግምጃ» ይላል። የእኔ ጄምስ ገና ጡት ሳይጥል ሞቷል። አሜሪካ የመጣው ሌላ ሰው ነው።

በማግስቱ አብረን ሲልቨር ስፕሪንግ ሄድን። መንገዱን ሁሉ እንዴት እንደምናገር ሳስብ ነበር፤ መጨረሻ ላይ የተናገሩት ሚስ ኤልስፔት ናቸው። የቢሮው ስሕተት ነው አሉ፤ የእሱ ነው አላሉም። እኔ ግን የእኔ መሆኑን ተናገርኩ፤ ለምን እንደተሳሳትኩም፣ በአገሬ ስም እንዴት እንደሚያዝም። ሚስተር ዊልያምሰን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ስለዚህ ያ ልጅ አላደገም» አሉ።

«አላደገም» አልኩ።

«ለስንት ጊዜ ቅድመ አያቴ አድርጌው ነበር። እናቱ ካለቀሰችለት ወዲህ ስሙን የጠራው ሰው ያለ አይመስለኝም» አሉ። «እሱን ከጸሎቴ አላወጣውም። እውነተኞቹን ወገኖቼን ግን ቶሎ ፈልጉልኝ፤ እኔም ብዙ ጊዜ የለኝም።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በሳምንቱ ለጋራዡ አለቃ ቡዙን መልስልኝ አልኩት። ሰው የሚቀበርበትን ቦታ የሚያሳስት እጅ ሳንቲም ቢቆጥር ይሻላል ብዬ ነው። ሚስ ኤልስፔት ሰምተዋል፤ ግን አልለመኑኝም፣ አልመከሩኝም። በሁለት ከዘራ ደረጃውን ወርደው፣ ቡዙ በር ላይ ቆመው፣ «ፊልሙ ተጠምጥሟል፤ ብቻዬን አይታየኝም» ብቻ አሉኝ። ተከተልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ ሁሉ ሌላ ሥራ አልተቀበሉም። ወንበራቸውን ከወንበሬ አጠገብ አስጠጉ። ለዓይናቸው መስመሩ ጥላ እንጂ ፊደል አይደለም፤ ግን ይቀመጣሉ። እኔ ጮክ ብዬ ፊደል በፊደል እላለሁ፣ እሳቸው ይሰማሉ። አጥቢያ ጨርሰን ወደ ሌላ አጥቢያ። ስለ ስሕተቱ ዳግመኛ አንድ ቃል አልወጣቸውም። በመሐል ሚስተር ዊልያምሰን ደውለው ድምፃቸው እየቀጠነ ምን አያችሁ ይላሉ፤ እስካሁን ምንም እላለሁ። ምንም ማለትን ያኔ ተማርኩ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ውሃ የበዛበት ቀለም ላይ፣ አንድ መስመር አየሁ። ጄምስ፣ የአንድሩ ዊልያምሰንና የሚስቱ የባርባራ ልጅ። ባርባራ በአባቷ ስም ነው የተጻፈችው፣ የማግነስ ልጅ። ምስክር ሆነው ከቆሙት አንዱ የእሷ ወንድም ነው። አልጮህኩም። «አየሁ» አልኩ። ሚስ ኤልስፔት እጃቸውን ክንዴ ላይ አደረጉ፤ «አሁን ግደለው» አሉ፤ ሞቱን ፈልግ ማለታቸው ነው።

በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የከበደኝ ንባብ የለም። የምፈልገውን ነገር እንዳላገኝ እየጸለይኩ ነው የማነበው። ትንሹ ግምጃ በመጣ ቁጥር ጣቴ ይቆማል፤ የማን ልጅ? የሌላ። እንደገና፤ የሌላ። የግምጃውን መዝገብ ጨረስኩት። ጄምስ የለበትም። አባትና እናቱ ግን አሉ፤ አንድሩም ባርባራም በትልቁ ግምጃ፣ ባሕር ዳር ባለው በዚያው አጥቢያ ግቢ ተቀብረዋል።

ሚስተር ዊልያምሰን ያን ጊዜ ከአልጋ አይነሡም ነበር። ጆሯቸው ጋ ጎንበስ ብዬ፣ አጥቢያውን፣ አንድሩን፣ ባርባራን ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ልጁስ? ሞቱን ፈለግህ?» አሉ።

«እስከ መጨረሻው ገጽ አየሁ። አልሞተም።»

«ጥሩ» አሉ፤ ከንፈራቸው ፈገግ አለ። «በዚህ ቤት ሰሞኑን አልሞተም የተባለ ሰው እሱ ብቻ ነው።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ቀብር የሚባል አልነበረም፤ ሚስ ኤልስፔት፣ እኔና አንዲት ነርስ ብቻ ነበርን። የአንድሩና የባርባራ አጥቢያ ሰዎች በደስታ እንቀበላለን ብለው ጻፉ፤ ግን አመዱን ማን ይውሰድ? ሚስ ኤልስፔት እኔ እወስዳለሁ አሉ። አገራቸውን ካዩ ዘመን አልፏል። አውሮፕላን ማረፊያ ሁለቱን የአመድ ሣጥኖች በእጅ ቦርሳቸው ይዘው፣ በዊልቸር እየተገፉ ሲገቡ አየኋቸው። ዞረው አላዩኝም፤ ሁለቱም እጃቸው ቦርሳውን ይዟል።

አልተመለሱም። ዳሌያቸው መንገዱን አልቻለም፤ እዚያው እህታቸው ቤት ቀሩ። ቢሮው ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ መዝገቦቹ ኮምፒውተር ላይ ናቸው አሉ፤ ስም ጽፈህ ትጠይቀዋለህ፣ በቅጽበት ይመልሳል። ጥሩ ነው። እኔም ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቤልትስቪል በሚባል ከተማ አንድ መጋዘን በር ላይ ተቀምጫለሁ፤ እሱንም አልጽፈውም።

አመዱ ባረፈበት ቀን ግን ሚስ ኤልስፔት ኮል አደረጉልኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው፤ ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ይገባል። ባልና ሚስቱን ከአንድሩና ከባርባራ ድንጋይ ሥር አስቀምጠናቸዋል አሉ። ቄሱ ሲጸልዩ በግ እየገባ አስቸገረ አሉ። ነገ ደግሞ ወደ ሌላኛው አጥቢያ ሄደው ያን ሕፃን ጄምስን መቃብሩ ላይ ይጠይቁታል፤ ሚስተር ዊልያምሰን አደራ ብለዋቸው ኖሯል። ስልኩን ለመዝጋት ማንም አልቸኮለም። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ክፍል ውስጥ አብረን ስንቀመጥ ያልጠየቅኳቸው ነገር ትዝ አለኝ።

«ሚስ ኤልስፔት፣ አባትዎ ማን ይባላሉ?» አልኳቸው።

«ለምን ፈለግኸው?»

«ስምዎን ስጠራ ሙሉ እንዲሆን ነው። የቤተሰብ ስምዎን አውቃለሁ፤ አባትዎን ግን አይነግረኝም።»

«ሄክተር» አሉ። አባታቸው ዓሣ አጥማጅ እንደነበሩም ነገሩኝ።

እንግዲህ በዚያ ክረምት ከወንበሬ አጠገብ ተቀምጠው ያሳለፉኝ ሰው፣ ኤልስፔት ሄክተር ናቸው።